ኤክስ ሳልጫን

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? እንኳን በደህና መጣችሁ። ዛሬም ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው ከቤቴ ነው፣ ማራኪ ሰፈር። ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፏል። ልጄ ተኝታለች፣ እናቷም ተኝታለች። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ድምፄን ከሸፈነው ታገሡኝ። የጎንደር ነሐሴ ነው፣ ቁም ቢሉት አይቆምም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጌም ነው። ጌም የማትጫወቱም ብትሆኑ ቆዩ፣ ወሬው ወደ እናንተም መምጣቱ አይቀርም።

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ መጣ። 15 ዓመቱ ነው። "አጎቴ፣ ተነስ፣ ጌም ቤት እንሂድ" አለኝ። በባጃጅ ወደ ፒያሳ ወጣን። ቤቱ አሪፍ ነው። ስክሪኑ ግድግዳውን ሊሞላ ምንም አልቀረው፣ ወንበሩም ሶፋ ነው። ኳስ ከፈትን። ጌሙ ስሙን ቀይሮ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ሆኗል፣ ልጆቹ ግን ዛሬም "ፊፋ" ነው የሚሉት። እኔም እንደዚያው።

የመጀመሪያውን 4 ለ 0 አሸነፈኝ። ሁለተኛውን 3 ለ 0። ኳሷ የት እንደምትሄድ አያለሁ። አጥቂው ሊዞር ሲል አውቃለሁ። አውራ ጣቴ ግን አንድ አፍታ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፣ ስደርስ ኳሷ መረብ ውስጥ ናት። ከፍዬ ወጣን። በመንገዱ ላይ እሱ ስለ ጎሎቹ ሲያወራ እኔ ውስጤን እየፈተሽኩ ነበር። ምንም አልከፋኝም። ጭራሽ ደስ ብሎኛል። ሳምንቱን ሙሉ ያሰብኩት ይሄንን ነው። በእሱ ዕድሜ ሳለሁ የተሸነፍኩ ዕለት እራት አይወርድልኝም ነበራ!

እስቲ ወደዚያ ዘመን ልመልሳችሁ። 1999 ዓ.ም. ነው፣ ለሚሌኒየሙ ወራት የቀሩት ጊዜ። ከአራዳ ገበያ ብዙ የማይርቅ አንድ ጌም ቤት ነበረን። አንድ ክፍል ነው። በሩ ላይ መጋረጃ ተንጠልጥሏል፣ ፀሐይ ስክሪኑን እንዳይመታው። ውስጥ ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን 2 እና ሁለት አግዳሚ ወንበር። ፕሌይስቴሽን 2 እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ በዓለም ላይ ከ150 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ማሽን ነው። ለእኛ ግን ዓለም ላይ ያሉት እነዚያ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ሕጉን ታውቁታላችሁ፤ ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ ይቀጥላል። የምንጫወተው ዊኒንግን ነው፣ ኮናሚ የሚባል ኩባንያ የሠራውን የኳስ ጌም። ኢንተር ሚላንን የያዘ ብራዚላዊውን አጥቂ አድሪያኖን ይዟል። የአድሪያኖ የምት ጉልበት 99 ነው፣ ጌሙ ሊሰጥ ከሚችለው የመጨረሻው ቁጥር። ከመሀል ሜዳ ትንሽ አለፍ ብሎ ከመታው በረኛው ኳሷን የሚያገኛት መረብ ውስጥ ነው። ስለዚህ ተሰብስበን አንድ ሕግ ጨመርን፤ "ኢንተር አይያዝም"። ይሄን ሕግ ያፈረሰ ልጅ ለሳምንት አይሰለፍም ነበር።

የተቀመጡት ሁለት ልጆች ናቸው። ከኋላ የቆሙት ግን አሥር፣ አሥራ አምስት ይሆናሉ። አንዱ ትከሻዬ ላይ እጁን ጣል ያደርጋል። ሌላው "ስጠው! ስጠው! ኧረ ስጠው!" እያለ ጆሮዬ ሥር ይጮኻል። ጎል ሲገባ ቤቱ ይናወጣል። ያኔ የምትወደው ጌም የቱ ነው ብትሉኝ ሳላቅማማ ዊኒንግ እላችሁ ነበር። አሁን ሳስበው ግን የምወደው ከኋላዬ የቆሙትን ነው። የተሸነፍኩ ዕለት የሚያንገበግበኝም ገንዘቡ አልነበረም፣ በእነሱ ፊት መነሳቴ ነው።

ስለ አውራ ጣቴ ነገር ያነበብኩት አንድ ጥናት አለ። ካናዳ ያለው የሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጡት ነው። ስታርክራፍት 2 የሚባለውን የኮምፒውተር የጦርነት ጌም የሚጫወቱ 3,305 ሰዎችን አጠኑ፣ ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 44 የሆኑ። ተጫዋቹ አዲስ ነገር አይቶ እስኪንቀሳቀስ የሚወስድበትን ጊዜ ለኩ። ከ24 ዓመት ጀምሮ ፍጥነቱ መቀነስ ይጀምራል። 24! እኔ በ24 ዓመቴ ገና ልጅ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። ከዚህ ሁሉ የወደድኩት ግን ቀጥሎ ያለውን ነው። ዕድሜያቸው ከፍ ያሉት ተጫዋቾች የዘገየውን እጃቸውን በሌላ መንገድ ያካክሱታል። ቀለል ያለ ስልት ይመርጣሉ፣ የጌሙን አቋራጮች ከወጣቶቹ በተሻለ ይጠቀማሉ።

ኳንቲክ ፋውንድሪ የሚባል የተጫዋቾችን ፍላጎት የሚያጠና ድርጅትም አለ። እነሱ እንዳገኙት ዕድሜ ሲጨምር ከሁሉም በላይ የሚቀንሰው የመፎካከር ፍላጎት ነው። ብዙም የማይነቃነቀው ደግሞ ስልት ማውጣት፣ አስቦ መጫወት ነው። ይሄ በኔም ሆኗል። ግን የኔ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እኔ ጋ ነገሩ የመጣው በዕድሜ ብቻ አይደለም።

ያ ጌም ቤት ውስጥ ሌላ ተወዳጅ ጌም ነበር፣ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው። እሱ በሰዓት ነው የሚከፈለው። በሰዓት ሲከፈል ደግሞ ሰው ሲያወራ መስማት ገንዘብ ማባከን ነው። ታሪኩ ሲጀምር ጣታችን ጆይስቲኩ ላይ ያለው ኤክስ ቁልፍ ላይ ነው። ኤክስ ስትጫኑ ወሬው ይዘለላል። እንግሊዝኛውም ፈጣን ነው፣ አይገባንም። ዘለን፣ ቢኤምኤክሷን ብስክሌት ይዘን ከተማውን ማመስ ነው። የሒሳብ ደብተሬ የኋላ ገጽ በኮድ የተሞላ ነበር፣ ቁልፎቹን በተራ ስትጫኑ ጌሙ ስጦታ የሚሰጥባቸው። አንዱን ዛሬም በቃሌ አውቀዋለሁ፤ አር ዋን፣ አር ቱ፣ ኤል ዋን፣ ኤክስ፣ ከዚያ ግራ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ላይ፣ እንደገና ግራ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ላይ። ጤና ይሞላል፣ ጥይት መከላከያ ይሰጣል፣ 250 ሺህ ዶላር ይጨምራል። የስንት ሰው ስልክ ቁጥር ረስቼ ይሄ አልጠፋኝም።

ሴቭ ማድረግ ደግሞ አይታሰብም። ለአንድ ማሽን ያለው አንድ ሜሞሪ ነው፣ 8 ሜጋባይት። የዛሬ ስልክ ላይ አንድ ሁለት ፎቶ ብትሞላው ነው። እኔ ዛሬ ያስቀመጥኩት ላይ ነገ ሌላ ልጅ ደርቦበት ይሄዳል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ነው የምንጀምረው። መጀመሪያውን መቶ ጊዜ ጀምሬዋለሁ፣ መጨረሻውን አንድም ቀን አላየሁትም። የልጅነቴ ጌሞች በሙሉ እንደዚህ ናቸው። መጨረሻ የላቸውም።

ከዚያ ትምህርት መጣ፣ ሥራ መጣ፣ አዲስ አበባ ሄድኩ። አራት ዓመት እዚያ ስኖር ጌም የሚባል ነገር አልነካሁም። በ2011 ዓ.ም. እናቴ አረፈች። በሌሊት ተደወለልኝ፣ በመጀመሪያው አውሮፕላን መጣሁ፣ አዘዞ ወረድኩ። የቀብሩን አላወራም።

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ያለውን ጊዜ ግን የደረሰበት ያውቀዋል። ለቀስተኛው ይቀንሳል። ድንኳን ውስጥ ካርታ እየተጫወቱ ያመሹት ሰዎች ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ቤቱ ዝም ይላል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የልጅነት ጓደኛዬ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ይዞ መጣ። ጌም ቤት ውስጥ እጁን ትከሻዬ ላይ ይጥል የነበረው እሱ ነው። ፈታው። ፕሌይስቴሽን 2። ያ ጌም ቤት ሲዘጋ ከሁለቱ አንዱን እሱ ገዝቶት ኖሯል። "ላጫውትህ ብዬ ነው" አለኝ።

ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ጨዋታ የሚለው ቃላችን ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው። ልጅ ብይ ይዞ ሲንበረከክ ጨዋታ ነው። ሁለት ሽማግሌዎች ፀሐይ እየሞቁ ሲያወሩም ጨዋታ ነው። እንግዳ ዝም ካለ "ተጫወት እንጂ" እንለዋለን። ሐዘንተኛን ደግሞ እናጫውተዋለን። ጓደኛዬ "ላጫውትህ" ሲለኝ የቱን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ሁለቱንም ነበር መሰለኝ።

የከፈተው ሳን አንድሪያስን ነው። ጆይስቲኩን ሰጠኝ። ሶኬቱ አጠገብ፣ እናቴ ቡና የምታፈላበት ቦታ ላይ ነው የተቀመጥነው። ረከቦቷ ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ ቆሟል፣ ሲኒዎቹ ተደፍተዋል። ታሪኩ ጀመረ። ጣቴ ኤክስ ላይ ነበር። ይሄን ጊዜ ግን አልጫንኩትም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት የምቸኩልበት ነገር ስላልነበረኝ ይሆናል።

ለካ ታሪኩ ሌላ ነው! የጌሙ ዋና ሰው ሲጄ ከአገሩ ርቆ አምስት ዓመት የኖረ ልጅ ነው። እናቱ ሞታ ነው የሚመለሰው፣ ለቀብር። ወደ ሰፈሩ ይመጣል፣ የእናቱን ቤት በር ከፍቶ ይገባል፣ ቤቱ ባዶ ነው። ፎቶዋን ያያል። ከዚያ ወንድሙና እህቱ ወዳሉበት መቃብር ይሄዳል። መቶ ጊዜ በፊቴ ያለፈ ነገር ነው። በልጅነቴ ከቢኤምኤክሱ ለመድረስ የምዘለው እሱን ነበር።

እኔ ቀና ስል የኔ እናት ፎቶ ግድግዳው ላይ ነው፣ ነጭ ነጠላዋን ተከናንባ። ጓደኛዬ ከኋላዬ ነበር። "ዝለለው" አላለኝም። ምንም አላለኝም። እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ፣ እንደ ድሮው።

ያንን ጌም ጨረስኩት። ሁለት ወር ፈጀብኝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያየሁት የመጀመሪያው ጌም እሱ ነው። አዲስ አበባም አልተመለስኩም፣ እዚሁ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ጌም ስመርጥ የምጠይቀው "ማንን አሸንፍበታለሁ?" ብዬ አይደለም፣ "ምን ያጫውተኛል?" ብዬ ነው። ወሬ ያለው፣ ሰው ያለው፣ መጨረሻ ያለው እፈልጋለሁ። በየቀኑ ካልገባህ ሽልማት ይቀርብሃል እያሉ የሚያስፈራሩትን የስልክ ጌሞች ጨርሶ ትቻቸዋለሁ። እነሱን ጨዋታ ለማለት ይከብደኛል።

አሁን ልጄ ስትተኛ አሮጌ ላፕቶፔ ላይ የምከፍተው ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2ን ነው፣ መንግሥት እየገነቡ የሚዋጉበትን ጌም። ጌሙ እ.ኤ.አ. የ1999 ነው፣ በ2015 ግን አፍሪካን ኪንግደምስ የሚባል ጭማሪ ወጣለትና ኢትዮጵያውያን ገቡበት። የዮዲት ታሪክ አለው። ሾተል የያዙ ተዋጊዎች አሉት፣ ቶሎ ይሠለጥናሉ፣ ሲመቱ ኃይለኞች ናቸው፣ ሲመቷቸው ግን አይችሉም። ከሁሉም ደስ የሚለኝ ሠራተኛውን ስነካው በአማርኛ መመለሱ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ባለቤቴን ጠርቼ አሰማኋት። እንጨት ቁረጥ ስትሉት በቋንቋችሁ እየመለሰ ሲሄድ አስቡት!

ቀስ ብዬ ነው የምጫወተው። እርሻ አርሳለሁ፣ በግ አግዳለሁ፣ ግንብ እገነባለሁ። ፋሲል ግንብን እያየ ያደገ ሰው አጥር ሳይሠራ ሠራዊት አያወጣም። አንድ ሰዓት ተጫውቼ እዘጋለሁ፣ ነገ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። ማንም አይደርብብኝም።

ቅዳሜ ከፒያሳ ስንመለስ የእህቴ ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ሲያየኝ ነበር። አምስት ደቂቃ አየ፣ አሥር ደቂቃ አየ። እኔ በጎቼን ሰብስቤ ሁለተኛ ጎጆ እየሠራሁ ነው። "አጎቴ፣" አለኝ፣ "ይሄ ጌም የሚጀምረው መቼ ነው?"

"ጀምሯል እኮ" አልኩት።

ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ። አልገባውም። ላስረዳው ፈልጌ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እኔም በእሱ ዕድሜ ኤክስ የምጫን ልጅ ነበርኩ፣ ያኔ ማንም ቢያስረዳኝ አልሰማም። እሱ አሁን የሚፈልገው ጎል ነው፣ ጩኸት ነው። ይገባዋል፣ ጊዜው ነው።

ነገ ደግሞ ቅዳሜ ነው። ጠዋት ደውሎ "ትመጣለህ አይደል?" አለኝ። ከሰፈሩ ልጆች ጋር ግጥሚያ አላቸው። እመጣለሁ አልኩት፣ አልጫወትም ግን። መብራት ካልሄደ 8 ሰዓት ላይ ፒያሳ ነኝ፣ ከኋላው እቆማለሁ።

ዝናቡም አባራ። ደህና እደሩልኝ።