ዓይናችሁ እያየ የሚጠፋው ሞተር

እንደምን ናችሁ! ስልካችሁን አስቀምጡና ለጥቂት ደቂቃ ዓይናችሁን አውሱኝ።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ኮምፒውተር ፊት ተቀምጫለሁ። ስክሪኑ ላይ ሰዎች የሚሳፈሩበት አውሮፕላን ፎቶ አለ። ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ብልጭ ይላል። «የሚለዋወጥ ነገር አለ፣ ስታገኚው ቁልፉን ተጫኚ» ተባልኩ። ይሄማ ቀላል ነው ብዬ ሰዎቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ፣ ደረጃውን አየሁ፣ መስኮቶቹን፣ ሰማዩን ሳይቀር አየሁ፣ ምንም የለም፣ እንዲያውም ኮምፒውተሩን ጠረጠርኩት። በመጨረሻ አጠገቤ ያለው ልጅ አላስቻለውም፣ በጣቱ ጠቆመኝ። ሞተሩ! ክንፉ ሥር ያለው ያን የሚያህል ሞተር ይጠፋል፣ ይመለሳል። አንዴ ካየሁት በኋላማ ዓይኔ ከሱ አልነቀል አለ።

ዘዴው የእይታ ተመራማሪዎቹ የነሮናልድ ሬንሲንክ ነው። ከኬቨን ኦሬጋንና ከጄምስ ክላርክ ጋር ሆኖ በፈረንጆቹ 1997 ነው ያሳተመው። ፎቶው ለ240 ሚሊሰከንድ ይታያል፣ ከዚያ ለ80 ሚሊሰከንድ ባዶ ስክሪን ይመጣል፣ እንዲህ እያለ ሁለቱ ፎቶዎች፣ ሞተር ያለውና የሌለው፣ ይፈራረቃሉ።

ተንኮሉ ያለው እዚያች ባዶ ላይ ነው። የሰከንድ አንድ አሥረኛ እንኳ አትሞላም። እሷን ብታወጧት ሞተሩን ወዲያው ታገኙታላችሁ፤ አንድ ነገር ሲለወጥ ቦታው ላይ እንቅስቃሴ ይፈጠራል፣ እንቅስቃሴ ደግሞ ዓይን ይጠራል። ባዶዋ ስትገባ ግን ስክሪኑ በሙሉ በአንዴ ይለወጣል። ሁሉም ቦታ ሲጣራ የሞተሩን ጥሪ ማን ይለየው? የሚቀራችሁ ፎቶውን ቁራጭ በቁራጭ ማሰስ ነው። ለዚህም ነው ሰው ስለ ፎቶው ሲጠየቅ ቀድሞ የሚጠራው ነገር ሲለወጥ ቶሎ የሚገኘው፣ ማንም ልብ የማይለው ደግሞ የሚዘገየው።

«ባዶዋ ፎቶውን ስለሸፈነችው ነዋ!» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም ብዬ ነበር። እነሱ ግን በ1999 ሌላ ነገር ሞከሩ፦ መኪና መስታወት ላይ ጭቃ እንደሚረጨው ፎቶው ላይ ጥቂት ነጠብጣብ ብልጭ አደረጉ። ነጠብጣቦቹ የሚለወጠውን ቦታ አልሸፈኑትም። ሰው ግን ለውጡ አመለጠው።

ስሙን «የለውጥ ዕውርነት» ይሉታል። ስሙ አይጥመኝም። ዓይናችን ምን አጠፋ? ሞተሩ ላይ ተተክሎም ሊያመልጠው ይችላል። ያልደረሰው ትኩረታችን ነው።

በሉ መብራቱን ቀንሱልኝ። የማሳያችሁ ሌላ ፎቶ ነው፣ ሞተሩንማ ነገርኳችሁ። ያገኘ እጁን ያውጣ፣ ብቻ እንዳትጮሁ፤ ባለፈው ፊት የተቀመጠ አንድ ሰውዬ «አገኘሁት!» ብሎ ጮኾ የሁሉንም አበላሸብኝ።