ሰሙ ከረጋ በኋላ፦ ስለ ኢንካውስቲክ ሥዕል የተደረገ ውይይት

ሩት፦ ዛሬ የምንነጋገረው በቀለጠ የንብ ሰም ስለሚሠራው፣ ኢንካውስቲክ ስለሚባለው የሥዕል ዓይነት ነው። ዮናስ፣ አንተ የምትሠራው በዚሁ ስለሆነ ከታሪኩ ይልቅ ከሥራ ጠረጴዛህ ብንጀምር እመርጣለሁ። አዲስ ሥዕል ስትጀምር አስቀድመህ የምታደርገው ምንድን ነው?

ዮናስ፦ ምድጃውን አበራለሁ። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ ነገር ግን ብሩሹ ሠሌዳው ጋ ሳይደርስ እንዳይረጋ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ድረስ አሞቀዋለሁ። ከዚያ እጅግ ካለፈ መጨስ ይጀምራል፤ ጢሱ ደግሞ ዓይንና ሳንባን ያስቆጣል። ስለዚህ ቴርሞሜትርና አየር ማስወጫ በሌለበት ክፍል ይህን ሥራ መጀመር አይገባም።

ሩት፦ የሚቀልጠው ሰሙ ብቻ ነው?

ዮናስ፦ ዳማር የሚባል የዛፍ ሙጫ ይጨመርበታል፤ መጠኑ እንደ ሠዓሊው ይለያያል፣ ለስምንት እጅ ሰም አንድ እጅ ሙጫ ግን የተለመደ ነው። ሙጫው ሰሙን ያጠነክረዋል፣ የሚቀልጥበትን ሙቀትም ከፍ ያደርገዋል። ከዚያ የቀለም ዱቄቱ ይገባበታል። የሚሣልበት መደብ ሰም የሚመጥና የማይታጠፍ መሆን ስላለበት የእንጨት ሠሌዳ ይመረጣል፤ ሸራ ላይ ቢሠራ፣ ሸራው በተነካ ቁጥር ሰሙ ይሰነጠቃል።

ሩት፦ ዘይት ቀለም ለቀናት እርጥብ ስለሚቆይ ሠዓሊው እያሰላሰለ ሊያስተካክለው ይችላል። ሰም ግን በሴኮንዶች ውስጥ ይረጋል። ታዲያ የምታስበው መቼ ነው?

ዮናስ፦ በአንዱ ሽፋንና በሚቀጥለው መካከል ነው። አንድ ሽፋን ከቀባሁ በኋላ በሙቅ አየር ወይም በጋዝ ነበልባል መልሼ አሞቀዋለሁ፤ ይህ ካልተደረገ ሽፋኑ ከሥሩ ካለው ጋር ስለማይዋሐድ ውሎ አድሮ ይላቀቃል። ሙቀቱ ሲደርስበት የደነዘዘው ገጽ በድንገት ያብለጨልጫል፣ የብሩሹ ጅራት የተዋቸው ጭረቶችም ጠርዛቸው ይለሰልሳል። እጄን የማነሳው ያን ጊዜ ነው። ጥቂት ብዘገይ ሰማያዊው ወደ ነጩ መፍሰስ ይጀምራል፤ ጠዋቱን ሙሉ የደከምኩበት መስመር በዚያው ይጠፋል።

ሩት፦ ነገር ግን ብዙዎች የሚወዱት ይህንኑ መፍሰስ አይደለምን? ቀለሙን እሳቱ እንደ ፈቀደ እንዲነዳው ትተው፣ የወጣውን ሁሉ ሥዕል የሚሉ አሉ።

ዮናስ፦ አሉ፤ እኔ ግን እጠራጠረዋለሁ። ሰም በባሕርይው ያማረ ነገር ነው፤ ብርሃን ወደ ውስጡ ገብቶ ከታችኛው ሽፋን ተመልሶ ስለሚወጣ፣ ምንም ያልታሰበበት ገጽ እንኳ ጥልቀት ያለው ይመስላል። ይህ ውበት በነፃ የሚገኝ ስለሆነ ሠዓሊውን ያሰንፋል። በእኔ እምነት በዚህ ሥራ ዋናው ውሳኔ ያለው ከመቀባቱ ይልቅ በመፋቁ ላይ ነው። ሰሙ ለብ ባለ ጊዜ በስለት ስፍቀው ሦስትና አራት ሽፋን ወርጄ፣ ቀድሞ የሸፈንኩትን ቀይ የፈለግሁት ቦታ ላይ ብቻ ላወጣው እችላለሁ። መስመር ስፈልግም ገጹን በመርፌ እቦረቡራለሁ፣ በጭረቱ ላይ የዘይት ቀለም አሻለሁ፣ ከዚያ በጨርቅ ስጠርገው ቀለሙ በጭረቱ ውስጥ ብቻ ይቀራል። በብሩሽ እንዲህ ያለ ቀጭን መስመር በሰም ማውጣት አይቻልም፤ ጫፉ ሳይደርስ ይረጋል።

ሩት፦ የጥንቶቹስ እንዲሁ ይሠሩ ነበር? ከ1ኛው እስከ 3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዓ.ም. በሮማውያን አገዛዝ ሥር በነበረችው ግብፅ የተሣሉትን፣ የፋዩም ምስሎች የሚባሉትን የሰዎች ፊት ሥዕሎች ማለቴ ነው።

ዮናስ፦ ሁሉም በሰም የተሠሩ አይደሉም፤ በሰም በተሠሩት ላይ ግን ከብሩሽ ሌላ ጠንካራ መሣሪያ ሰሙን የገፋባቸው ምልክቶች ጉንጭና ግንባር ላይ ይታያሉ። እነዚያ ሠዓሊዎች የሰሙን ፈጥኖ መርጋት እንደ እንቅፋት ቆጥረው ሊደብቁት የሞከሩ አይመስለኝም። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሜሪካዊው ሠዓሊ ጃስፐር ጆንስም በ1954 የአሜሪካን ባንዲራ ሥዕሉን በተራ የቤት ቀለም ጀምሮ፣ ቀለሙ አልደርቅ ሲለው ወደ ሰም የተሻገረው ለዚሁ ፍጥነት ነው። አንዱ የብሩሽ ምት ከቀጣዩ ጋር ሳይቀላቀል እንደ ነበረ ይቆያል፤ ከሥር የለጠፋቸው የጋዜጣ ቁርጥራጮችም በሰሙ ውስጥ ይታያሉ።

ሩት፦ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ይቀልጣል ብለው የሚሰጉ ሰዎች አሉ።

ዮናስ፦ በክፍል ሙቀት አይቀልጥም። ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ግድግዳና በበጋ ተዘግቶ የቆመ መኪና ግን ሊያለሰልሱት ይችላሉ፤ ብርቱ ቅዝቃዜም ያሰነጥቀዋል። ከዚህ ይልቅ ገዢዎችን የሚያስደነግጣቸው፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ገጹ ላይ የሚወጣው ነጭ ጉም መሰል ነገር ነው። ሻጋታ መስሏቸው በውሃ ሊያጥቡት ይነሣሉ። በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ቀስ ብለው ቢወለውሉት ይለቃል፤ ሰሙ እየጠነከረ ሲሄድም መመላለሱ ይቀንሳል።