ፒንግፖንግ ለመጫወት ሁለት ታክሲ

እንደምን ዋላችሁ የሰፈሬ ሰዎች። እናቶች፣ አባቶች፣ ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እንዲሁም እዚህ ፊት ወንበር የተሰጣችሁ እንግዶቻችን። አምስት ደቂቃ ነው የተፈቀደልኝ። እንደማላከብረው ስለማውቅ ከወዲሁ ይቅርታ ልጠይቅ።

እናንተ እንግዶቻችን የሰፈራችንን መዝናኛ ወደ ከተማው ዳር እናዛውረዋለን ስላላችሁን፣ ሦስት ነጥብ ጽፌ ነው የመጣሁት። ግን ትናንት በመዝናኛው በር ሳልፍ ጆተኒ ላይ የነበረ አንድ ልጅ ጠራኝና "ጋሼ፣ ሊያነሱት ነው አሉ፣ ጆተኒውንም ይወስዱታል?" አለኝ። መልስ አጣሁ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ስለዚህ አንደኛው ነጥብ ላይ ብቆይ እንዳትታዘቡኝ።

መዝናኛው ቀበሌ ይዞት የመጣ ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ፣ ቀበሌ ተቋቋመ፣ ከዚያ በየሰፈሩ "ቀበሌ መዝናኛ" የሚባል ነገር በቀለ። ቀበሌ ሲባል ዛሬም ድንግጥ የሚሉ እናቶች እዚህ መሀል አሉ፣ ለምን እንደሚደነግጡም እናውቃለን። ያን አልረሳሁም። ግን ደርግም ሄደ፣ ቀበሌም ወረዳ ሆነ፣ መዝናኛው ቀረ። ከረንቡላው፣ ዳማው፣ ሻዩ፣ ሽሮው። የቀበሌ ሻይ ያልጠጣ አራዳ ካለ እጁን ያውጣና እናስወጣው!

የስድስተኛ ክፍል ልጅ ሳለሁ ራኬት የሚያስቀምጡ አንድ ጋሼ ነበሩ። ትልልቆቻችሁ ታስታውሷቸዋላችሁ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ልትጫወት ስትመጣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩህ "ደብተር" ይላሉ። ደብተር ካላሳየህ ራኬት የለም። ሒሳብ እንደማይችሉ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ቀይ እስክሪብቶ መቁጠር ይችላሉ። ኤክስ ከበዛ ወደ ቤት።

ኳስ ደግሞ እንደ ዓይን ብሌን ነበር የምትጠበቀው። አንዱ ረግጦ ሲያሰረጉዳት ሻይ ወደምታፈላው እትዬ እንሮጣለን። በብርጭቆ የፈላ ውሃ ትቀዳልናለች፣ ኳሷን ጣል እናደርጋለን፣ ትንሽ ቆይታ ጧ ብላ ትነፋለች። ሐምሌ ነው መሰለኝ፣ አይ፣ ትምህርት ነበረ፣ ሰኔ መሆን አለበት። ከትምህርት ቤት ስመለስ ዝናብ መንገድ ላይ ያዘኝና ገባሁ። ቤቱ በሰው ጢም ብሏል። ኳሷ ብርጭቆ ውስጥ ናት። እትዬ በጥድፊያ የኛንም ብርጭቆ ከሌላው ሻይ ጋር ትሪ ላይ ደርድራ ከረንቡላ የሚጫወቱት አባቶች ዘንድ ወሰደችው። አንዱ ሽማግሌ ዓይናቸውን ከጨዋታው ሳይነቅሉ ብርጭቆውን አነሱ። ፉት ሊሉት ሲሉ ነጭ ነገር አፍንጫቸውን ነካቸው። "እንቁላል ማን አዘዘ?" አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ግን ቅር አላላቸውም። ኳሷን በማንኪያ አወጡና በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው "በሉ ራኬት ስጡኝ፣ እኔው ልጫወትባት" አሉ። ጋሼ ቀና እንኳ ሳይሉ ምን ቢሏቸው ጥሩ ነው?

"ደብተር።"

ይህን ሁሉ የማወራው ናፍቆት ይዞኝ ብቻ አይደለም። ያን ቀን መዝናኛ ልሂድ ብዬ አልተነሳሁም። ዝናብ ነው ያስገባኝ። መንገዴ ላይ ስለነበር ነው የገባሁት። እናቴ ከበራችን ቆማ ስትጣራ ድምጿ ይሰማኝ ነበር፣ ስለዚህም ስታጣኝ አትጨነቅም። የዚህ ቤት ምስጢር ይሄው ነው፣ ሌላ የለውም። ጣሪያው ያፈሳል፣ የፒንግፖንጉ ጠረጴዛ አንድ እግሩ ብሎኬት ነው፣ ሻወሩ በሳምንት ሁለት ቀን ውሃ ካገኘ ጥሩ ነው። ግን በእግር ይደረሳል። አሁን ወደ ከተማው ዳር እናዛውረዋለን ትሉናላችሁ። ከዚህ ሁለት ታክሲ ነው፣ ሰልፉን ሳንቆጥር። ዝናብ የሚያስገባው ልጅ ሁለት ታክሲ አይሳፈርም! የትኛዋ እናት ናት የአስራ አንድ ዓመት ልጇን ፒንግፖንግ ተጫውተህ ና ብላ ሁለት ታክሲ የምታሳፍረው?

ዲዛይኑን አሳይታችሁናል። እውነት ለመናገር ያምራል፣ ሣሩ ራሱ ያበራል። "ሰፊ የመኪና ማቆሚያ አለው" ስትሉ ግን እኔና ጎረቤቴ ተያየን። እስቲ እዚህ አዳራሽ ውስጥ መኪና ያለው ማን ነው? እኔ የማውቀው ሁለት ሰው ነው፣ የአንደኛው መኪና ደግሞ ጎማዋ ወልቆ ድንጋይ ላይ ከቆመች ዓመት አልፏታል። ለማን ነው የሠራችሁት? ንገሩን፣ ለማን ነው?

ልማት ጠል አትበሉኝ። እዚያም ይሠራ፣ እዚያ ያሉት ልጆች ልጆች አይደሉም እንዴ? ግን ለእነሱ ለመስጠት ከኛ መንጠቅን ምን አመጣው? በ2016 ከፒያሳ ተነስተው ከተማው ዳር ገላን ጉራ የገቡ ጎረቤቶቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ድረስ ይመጣሉ። ለከረንቡላ ብቻ አይደለም፣ ሰው ለማግኘት ነው። እሱንም ስታነሱት የት ሄደው ይገናኙ?

ፒያሳ ነገር ሲነሳባት ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። የአራዳ ገበያ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር፣ ጣሊያን ነው አንስቶ መርካቶን የተከለው። እሺ፣ መርካቶ ከበረች፣ አልክድም። ገበያ የጭነት መኪና በደረሰበት ይደርሳል። ልጅ ግን እግሩ እስከወሰደው ነው። ይኸኛውን ደግሞ ሁላችንም በዓይናችን አይተናል፦ በ2012 ኮሮና መጣና አትክልት ተራ "ለጊዜው" ተብሎ ጃንሜዳ ገባ። ጥምቀት የሚከበርበት፣ ሯጩ የሚሮጥበት፣ ልጆቻችን ኳስ የሚራገጡበት ሜዳ ጭቃና የበሰበሰ ቲማቲም ሆነ። የ2013 ጥምቀት ሲቃረብ ሜዳው ተጸዳ፣ ገበያው ግን ፒያሳ አልተመለሰም፣ ሃይሌ ጋርመንት ወረደ። ስለዚህ "አዲሱ እስኪያልቅ ለጊዜው ይዘጋል" የምትለዋን ነገር፣ በናታችሁ፣ እዚህ ሰፈር አታምጧት።

ሁለተኛው ነጥቤ የእድር ጉዳይ ነው። እድራችን የሚሰበሰበው መዝናኛው አዳራሽ ነው፣ ወንበሩም ድስቱም እዚያው ነው የተቀመጠው። ሰው ሲሞት ድስት ፍለጋ ሁለት ታክሲ? ይበቃል፣ ገብቷችኋል።

ሦስተኛው የገንዘብ ነገር ነው። ጣሪያውን ቆርቆሮ ቀይሩልን፣ ጉልበቱን እኛ እናዋጣለን። አናጢም ቧንቧ ሠራተኛም አለን፣ ሁለቱም እዚህ ተቀምጠዋል፣ አሁን ስናገር አንገታቸውን ቢደፉም።

ሰዓቱ ሄዷል፣ ሰብሳቢዋ እያየችኝ ነው። የፊርማው ወረቀት በር ላይ ጠረጴዛው ላይ አለ። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ። መጻፍ የማይችሉ እናቶችን ልጆች ያግዟቸው። እስክሪብቶዋን ደግሞ እባካችሁ መልሷት፣ ባለፈው ስብሰባ ሁለት ጠፍቶብናል።