ከላይም ከታችም ይነበብ፦ ስለ ነቢያት የደወላችሁልን ጥያቄዎች

በዚህ ሳምንት ወደ ሬዲዮ ዝግጅታችን የደወላችሁት ስለ ዕብራውያን ነቢያት፣ በተለይ ስለ ቅድስናና ስለ ቤዛነት ነበር። ብሉይ ኪዳን ማስተማር ከጀመርኩ ጀምሮ የምሰማቸው ጥያቄዎች ናቸው። አልሰለቹኝም። አንድ ቦታ ላይ ድምፄ ከፍ ካለ ግን ይቅር በሉኝ።

ከሐዋሳ፦ መምህር፣ ነቢያቱ እግዚአብሔርን «ቅዱስ» ሲሉት ኃጢአት የሌለበት ማለታቸው ነው?

እሱም አለበት፣ ግን ከዚያ ይሰፋል። የዕብራይስጡ «ቃዶሽ» እና የእኛው «ቅዱስ» ሥራቸው አንድ ነው። መቅደስም ቅዳሴም ከዚያው ናቸው። የተለየ ማለት ነው። ቡፌ ውስጥ ለእንግዳ ተብሎ የሚቀመጠውን ሲኒ አስቡት፣ ለዕለት ቡና አይወጣም። ኢሳይያስ ጋ የሚገርመው ግን ይሄ የተለየ አምላክ ራቅ ብሎ አለመቀመጡ ነው። ንጉሥ ዖዝያን በሞተበት ዓመት ሱራፌል «ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ» ሲሉ ሰምቶ «ወዮልኝ» አለ። አለቀልኝ ብሎ ነበር። ከመሠዊያው የመጣው ፍም ከንፈሩን ነካውና አነጻው። «የእስራኤል ቅዱስ» የሚለውን ስም መጽሐፉ ወደ 25 ጊዜ ይጠራዋል፣ ከምዕራፍ 41 ጀምሮ ደግሞ ደጋግሞ «የሚቤዥህ» ከሚለው ጋር ያጣምረዋል። አንዷን ቁጥር ነጥላችሁ አትሩጡ፣ ከላይም ከታችም አንብቡ።

ከባሕር ዳር፦ ቤዛ ማለት ካሣ ከፋይ ነው?

ካሣ ከፋይ ብቻ አይደለም፣ ዘመድ ነው። ዕብራይስጡ «ጎኤል» ይለዋል። ወንድሙ ደህይቶ መሬቱን ቢሸጥ ከፍሎ የሚያስመልስ፣ ራሱን ለባርነት ቢሸጥ ከፍሎ የሚያወጣው የቅርብ ዘመድ፤ ዘሌዋውያን 25 ላይ አለ። ቦዔዝ ለሩት የሆነላት ይህንኑ ነው። ኤርምያስ ደግሞ ባቢሎናውያን ኢየሩሳሌምን ከበው፣ እሱም ታስሮ ሳለ፣ ዓናቶት ያለውን የአጎቱን ልጅ እርሻ በ17 ሰቅል ብር ገዛ። ምስክር አቆመ፣ ብሩን በሚዛን መዘነ፣ ውሉንም በሸክላ ዕቃ አስቀመጠ። ጠላት ሊወርሰው የደረሰ መሬት እኮ ነው! የእኛ ደላላ ቢሰማ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። ነቢያት እግዚአብሔርን ጎኤል ሲሉት «ዘመዴ ነው፣ አይተወኝም» ማለታቸው ነው። እኛ ክርስቲያኖች «ቃል ሥጋ ሆነ» ስንልም ዘመድ ሆነን ማለታችን ነው።

ከዱባይ፦ ኤርምያስ 29፥11 ላይ ያለው «ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ» የሚለው ለእኔም ነው?

ነው እህቴ፣ ግን ቁጥር 10ንም አንብቢ። በባቢሎን 70 ዓመት ሲፈጸም ይላል።

ከአዳማ፦ እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። «በእርሱም ቍስል እኛ ተፈወስን» ተብሎ ተጸልዮላት ኢንሱሊኑን አቁማለች። እንደገና ብትጀምር እምነት ማጣት ነው?

ወንድሜ፣ ሬዲዮኑን ለእናትህ አስጠጋላቸው። እናቴ፣ እየሰሙኝ ነው? አይደለም። እምነት ማጣት አይደለም።

ጥቅሱ ኢሳይያስ 53፥5 ነው። ሲጀምር «ስለ መተላለፋችን ቈሰለ፣ ስለ በደላችንም ደቀቀ» ይላል። ጴጥሮስም በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 2 ሲጠቅሰው የሚያወራው ስለ ኃጢአት ነው። ማቴዎስ ደግሞ ምዕራፍ 8 ላይ ከዚህ ጥቅስ በላይ ያለችውን ቁጥር 4ን ጌታ ድውያንን ከመፈወሱ ጋር ያያይዛታል፣ ስለዚህ እግዚአብሔር አይፈውስም የሚል አፍ የለኝም። ይፈውሳል። ግን እዚያው ኢሳይያስ ውስጥ ምዕራፍ 38 ምን ይላል? ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት ታመመ፣ ጸለየ፣ አለቀሰ። ነቢዩ «15 ዓመት ተጨምሮልሃል» የሚል ቃል አመጣለት። ከዚያስ? የበለስ ጥፍጥፍ አምጡና እባጩ ላይ ለጥፉ አለ። ቃሉን ያመጣው አፍ ራሱ ነው ልጥፉን ያዘዘው! ንጉሡም «እምነቴን ነካህብኝ» አላለም። አስለጠፈ፣ ዳነ።

«መድኃኒቱን ጣይው» ያላቸው ሰው ስኳራቸው ስንት እንደሆነ ለክቷል? ኢንሱሊን ማቋረጥ በቀናት ውስጥ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። አንዲት ጎረቤቴን በዚሁ ጥቅስ ሰበብ ቀብሬያለሁ፣ የጸለየላት ሰው ለቅሶው ላይ አልታየም። የኤች አይ ቪ፣ የቲቢ፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስዱም ስሙኝ፦ ጸልዩ፣ ጸበልም ሂዱ፣ ኪኒናችሁን ግን ዋጡ። ድኛለሁ ካላችሁ የሚመረምራችሁ ሐኪም ይንገራችሁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ልጅየው፣ እናትህን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰዳቸው። መጠኑንም ቤት ውስጥ በግምት እንዳትጀምሩት።

ከአዲስ አበባ፦ ከዘር እርግማን ለመቤዠት አንድ ነቢይ 20 ሺህ ብር ጠየቀኝ።

ኢሳይያስ 52፥3፣ «ያለ ገንዘብ ትቤዣላችሁ»። በገንዘብ ስለሚያሟርቱ ነቢያት የሚናገረውን ሚክያስ 3፥11ንም ስለ ሰውየው አንብብ። ብርህን ኪስህ ውስጥ ተው።

ከዋሽንግተን፦ አይሁዳዊ ባልደረባዬ በኢሳይያስ 53 የቈሰለው «ባሪያ» እስራኤል ነው ይለኛል።

ከየትም አላመጣውም። የመካከለኛው ዘመን የመጽሐፍ ተርጓሚውን ራሺን የመሰሉ የአይሁድ ሊቃውንት እንዲህ ያነባሉ፣ 49፥3ም ባሪያውን በግልጽ «እስራኤል» ይለዋል። እኛ በክርስቶስ ተፈጸመ ብለን እናምናለን። የእኛው ጃንደረባ በጋዛ መንገድ ላይ ፊልጶስን የጠየቀው ይህንኑ ነበር፦ ነቢዩ ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ? ጠየቀ እንጂ አልተሳደበም። አንተም ሳትጣላ ቡና ጠጣ።

ስሟን ያልነገረችን፦ ባለቤቴ ይመታኛል። ዘመዶቹ «ሆሴዕ ሚስቱን በ15 ብር መልሶ ገዛ፣ አንቺም ታገሺ» ይሉኛል።

ከላይም ከታችም ይነበብ ያልኩት ለዚህ ነው። ሆሴዕ የታዘዘው እግዚአብሔር ለእስራኤል ያለውን ፍቅር እንዲያሳይ ነው፣ የትዳር ደንብ አልወጣበትም። ደግሞ የሆሴዕ ሚስት ጎሜር ባሏን አልደበደበችም! እህቴ፣ ጥቅሱ ይቆየን። ዛሬ ማታ የምታምኛቸው ሰዎች ጋ እደሪ፣ ለፖሊስ አመልክቺ። የንስሐ አባትሽን ወይም መጋቢሽን ከዚያ በኋላ ታናግሪያለሽ።