አያትህ ምን ብለው ጠየቁ?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ዋርካ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ከጥቂት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር ስለምናነባቸው የውጭ አገር አጫጭር ልብ ወለዶች ነው። ከኋላ ባጃጅ ሲያልፍ ከሰማችሁ ይቅርታ፤ መስኮቱን ብዘጋው ሙቀቱ አያስቀምጠኝም።

ሩሲያዊው ደራሲ አንቶን ቼኾቭ እ.ኤ.አ. በ1886 ያሳተመው አንድ አጭር ታሪክ አለ፤ በእንግሊዝኛ «ሚዘሪ» ብለውታል። ኢዮና የሚባል ሽማግሌ ባለጋሪ በፒተርስበርግ ከተማ በረዶ እየወረደበት ተሳፋሪ ይጠብቃል። ልጁ በዚያው ሳምንት ሞቶበታል። ለተሳፈረው ሁሉ «ልጄ እኮ ሞተብኝ» ሊል ይሞክራል። አንዱ ጀምሮ ይሰማውና ወዲያው ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሌሎቹ ይሰድቡታል፣ ፍጠን ይሉታል። ማታ ማደሪያው ገብቶ ለአንድ ወጣት ባለጋሪ ሊነግረው ሲል ልጁ ተሸፋፍኖ ተኝቷል። በመጨረሻ ጋጣ ይገባና ለፈረሱ ይነግራል።

ልጆቹ ይህን ሲያነቡ የማያውቁትን ቃል ደብተራቸው ላይ እየጻፉ ገጹን ሞሉት። የጋሪ ዕቃ ስም፣ የልብስ ስም፣ ስለ በረዶ የሚነገር ቃል። እኔ አብዛኛውን እለፉት አልኳቸው። «ሜር» የምትለዋን ግን አላሳለፍኳቸውም። ከዐረፍተ ነገሩ ፈረስ መሆኑ ገብቷቸው ነበር፣ ስለዚህ የሚያስፈልግ አልመሰላቸውም። ሜር ባዝራ ናት። ኢዮና መጨረሻ ላይ ምን ይላታል? ውርንጭላ ቢኖርሽ፣ የዚያ ውርንጭላ እናት ብትሆኚ፣ ድንገት ቢሞትብሽ አታዝኚም ወይ ይላታል። እንስት መሆኗን ያላወቀ አንባቢ እዚህ ጋ ሲደርስ የሽማግሌው ልመና ያመልጠዋል። እሱ እኮ ለመጀመሪያ ጊዜ የወላጅ ልብ ሊኖራት የሚችል ፍጡር አግኝቷል!

እኔ የቃላት ጥናትን የማየው እንዲህ ነው። አንድ ቃል መጠናት ያለበት ስለከበደ አይደለም። ቃሉ ሲጎድል ታሪኩ የሚጎድል ከሆነ ነው። ይህን ደግሞ ታሪኩን አንድ ጊዜ ሳይጨርሱ ማወቅ አይቻልም። ከምንባቡ በፊት የቃላት ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ትርጉሙን አስገልብጦ፣ አሁን አንብቡ ማለት የተለመደ አሠራር ነው፤ እኔ ግን አልስማማም። ተማሪው ዝርዝሩን ይሸመድዳል፤ ታሪኩን ሲያገኘው የሚያነበው ቃሎቹን ለማግኘት ነው፣ ሰውየውን ለማግኘት አይደለም።

እርግጥ ይህ የሚሠራው የማይታወቀው ቃል ጥቂት ሲሆን ነው። የቃላት ትምህርትን በማጥናት የታወቁት የኒውዚላንዱ ፖል ኔሽን ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት ጥናት አለ። ቀላል ልብ ወለድ ወስደው የተወሰኑ ቃላትን በፈጠራ ቃላት ተኩ፣ ከዚያ አስነበቡ። ከ100 ቃል 20ው የማይታወቅ ሲሆን ከአንባቢዎቹ ጽሑፉን በበቂ የተረዳ አንድም አልተገኘም። መደምደሚያቸው ያለ ረዳት ተደላድሎ ለማንበብ ከ100 ቃል 98ቱ አካባቢ መታወቅ አለበት የሚል ነው። እስቲ አስቡት፤ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ አብዛኛው ትምህርት በእንግሊዝኛ የሆነበት ልጅ በየመስመሩ ሁለት ሦስት ቃል እያደናቀፈው «ምንባቡን አንብበህ ጥያቄዎቹን መልስ» ሲባል። ሰነፍ አይደለም። ጽሑፉ አልተመጠነለትም። ስለዚህ በቀላል እንግሊዝኛ ተመጥነው የተጻፉትን ታሪኮች ስሰጣቸው አላፍርም፤ ልጁ ዋናውን ሲደርስበት ያነበዋል።

ጎጃም እኮ ያጠኑትን ቃል ሰው ፊት መንገር እንግዳ አይደለም። የቅኔ ትምህርት ቤቶቹን ዋሸራን፣ ጎንጅን አስቡ። የቅኔ ተማሪ የግዕዝ ግስ ያጠናል፣ በቃሉም ይይዛል፤ ሽምደዳው ብርቱ ነው። ግን እዚያ አያበቃም። ባጠናው ግስ ራሱ ቅኔ ይቆጥራል፣ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፣ መምህሩም ያቃኑለታል። ቃሉ ከአፉ ወጥቶ ሰው ፊት ይቆማል። እኛ በዘመናዊው ትምህርት የወሰድነው ሽምደዳውን ብቻ ነው፤ መንገሩን ትተነዋል። ይህ በጣም ይቆጨኛል።

እኔም ለልጆቹ የምሰጣቸው የቤት ሥራ አንድ ነው። ቤት ሂዱ፣ እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው ታሪኩን በአማርኛ ንገሩ፣ ያ ሰው የሚጠይቃችሁን ጥያቄ ይዛችሁ ኑ። መልስ አይደለም፣ ጥያቄ።

የኢዮናን ታሪክ ለአያቱ የነገረ አንድ ልጅ ምን ይዞ መጣ መሰላችሁ? «ታዲያ ልጁን ማን ቀበረው? እድር የለውም? ለቅሶ ደራሽ የለውም ወይ?» ብለውታል።

ይህን ጥያቄ በየትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ አላየሁትም። መጽሐፍ «ኢዮና ልጁ በምን ሞተ?» ብሎ አራት ምርጫ ይሰጣል። አያቱ ግን ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተከልበት፣ ጎረቤት ንፍሮ ይዞ የሚመጣበት፣ ኀዘንተኛ ብቻውን የማይተውበት አገር ሰው ናቸው፤ በዚያ ዓይን ሲያዩት የጎደለው ነገር ወዲያው ታያቸው። ልጆቹ መልሱን ፍለጋ ማንም ሳያዝዛቸው ወደ ታሪኩ ተመለሱ። አገኙትም። ኢዮና ልጁ እንዴት እንደታመመ፣ ሳይሞት ምን እንዳለ፣ ቀብሩ እንዴት እንደነበር፣ የልጁን ልብስ ለማምጣት ሆስፒታል እንዴት እንደሄደ መናገር ይፈልጋል። ሴት ልጁ አገር ቤት ቀርታለች። ለሴቶች ብነግር ይሻል ነበር፣ እነሱ በሁለት ቃል ያለቅሳሉ ብሎም ያስባል። ሰውየው የሚፈልገው ለቅሶ ደራሽ ነው! ቼኾቭ የጻፈውና እንግሊዝኛ የማያውቁት የባሕር ዳር አያት የጠየቁት አንድ ነገር ሆነ። ያን ዕለት ሌላ ታሪክ ይዤ ነበር፣ ሳልከፍተው ተመለስኩ፤ ልጆቹ ስለዚያ ብቻ ሲከራከሩ ረፈደ።

የፈረንሳዊውን ደራሲ የሞፓሳንን «የአንገት ሐብል» ስናነብም እንዲህ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1884 የወጣ ነው። ሴትዮዋ ለግብዣ የተዋሰችው የአልማዝ ሐብል ይጠፋባታል፤ እሷና ባሏ እሱን የሚመስል በ36,000 ፍራንክ ገዝተው ይመልሳሉ፤ ዕዳውን ሲከፍሉ 10 ዓመት ያልቃል፤ መጨረሻ ላይ የተዋሰችው ግፋ ቢል 500 ፍራንክ የሚያወጣ አርቲፊሻል እንደነበር ትሰማለች። የአንዷ ተማሪ እናት «ለምን በማግስቱ ሄዳ ጠፋብኝ አላለቻትም?» አለቻት። ልጅቷ መልስ ስታጣ ራሷ እናትየዋ «ይሉኝታ ይዟት ነው» ብላ መለሰች። ለሰርግ ወርቅ የሚዋዋስ ሰፈር ውስጥ ይህ ታሪክ ማብራሪያ አይፈልግም።

መንገር ለማስታወስም ይጠቅማል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ ጽሑፉን ደጋግመው ካነበቡት ተማሪዎች ይልቅ አንብበው ጽሑፉን ሳያዩ ያስታወሱትን ያህል ያወጡት ከሳምንት በኋላ የበለጠ ያስታውሱት ነበር። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ግን ደጋግመው ያነበቡት ይበልጡ ነበር። ለዚህ ነው ፈተና ዋዜማ ደጋግሞ ማንበብ የሚያዋጣ የሚመስለው።

አንዳንድ ወላጆች «በአማርኛ ከተረከው እንግሊዝኛውን መቼ ይለምዳል?» ይሉኛል። ጥያቄያቸው ይገባኛል፤ የልጃቸው ፈተና በእንግሊዝኛ ነው። ግን በራሱ ቋንቋ መንገር ያልቻለውን ታሪክ ልጁ አልተረዳውም። ሲነግር የሚቆምባት ቦታ፣ «ከዚያ... ብቻ አንድ ነገር ሆነ» ብሎ የሚያልፋት ቦታ አለች። መዝገበ ቃላት የሚከፈተው ለእሷ ነው። እዚያ ጋ የተገኘ ቃል ደግሞ አይረሳም።

በሚቀጥለው ዝግጅት የምናነበው የህንዳዊውን ደራሲ የራቢንድራናት ታጎርን «ካቡሊዋላ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1892 የጻፈው፣ ካልካታ ከተማ እየዞረ ፍራፍሬ ስለሚሸጥ የካቡል ሰውና ስለ አንዲት ትንሽ ልጅ። በቀላል እንግሊዝኛ የተዘጋጀውን ፈልጉ። መዝገበ ቃላቱን አስቀምጡና እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ ከዚያ ለእናታችሁ፣ ለጎረቤት፣ ለሱቁ ባለቤት ንገሩት። የጠየቋችሁን ጥያቄ በድምፅ ቀድታችሁ በቴሌግራም ላኩልኝ፤ እናንተ አታሳምሩት፣ በራሳቸው አነጋገር ይሁን።