ሥጋ ውስጥ የቀረ ስንጥር

(ምስል፦ እግር፤ ተረከዙ ላይ የገጠመች ትንሽ ቁስል)

እሾህ ወይም የእንጨት ስንጥር ይወጋል፤ ሲነቀል ጫፉ ተሰብሮ ውስጥ ይቀራል። ቆዳው ይገጥማል። ከሳምንታት በኋላ ቦታው ያብጥና መግል ይቋጥራል። መድኃኒት ሲወሰድ ይጎድላል፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ያገረሻል። እንዲህ የሚመላለስ ቁስል ሲያጋጥም፣ መድኃኒት ከመቀያየር በፊት «ውስጥ የቀረ ነገር ይኖር ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

(ምስል፦ ክር ላይ የተጣበቁ ባክቴሪያዎች፣ በጣም ጎልተው)

በ1957 እ.ኤ.አ. ኤሌክ እና ኮነን የተባሉ ተመራማሪዎች በፈቃደኞች ቆዳ ላይ ሙከራ አድርገው ነበር። ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ መግል እንዲያስቋጥር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆኖ መግባት ነበረበት። የሐር ስፌት ክር አብሮ ሲኖር ግን ጥቂት መቶዎች በቁ! ባክቴሪያዎቹ በባዕዱ ነገር ላይ ተጣብቀው የሚያዳልጥ ሽፋን ያበጃሉ፤ ነጭ የደም ሴልም ሆነ አንቲባዮቲክ እዚያ ውስጥ እንደልቡ አይሠራም።

ባዕድ ነገር በአፍም ይገባል። የተዋጠ የዓሣ አጥንት ወይም የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ይወጣል። አልፎ አልፎ ግን አንጀት ይበሳል፤ ኢንፌክሽኑም ወደ ሆድ ግድግዳ፣ ሲብስም ወደ ታፋ ይዘልቃል። ብዙ ታማሚዎች መዋጣቸውን እንኳ አያስታውሱም።

(ምስል፦ ቀይ እብጠት፤ ዳርቻው በእስክሪብቶ ተከብቧል፤ ቅላቱ መስመሩን አልፎ ሄዷል)

እዚህ ላይ አደራ፣ ልብ በሉ። ሕመሙ ከሚታየው ቁስል በላይ ከበረታ፣ ቅላቱ በሰዓታት ውስጥ ከተስፋፋ፣ ቆዳው ከጠቆረ፣ ውኃ ከቋጠረ፣ ከደነዘዘ ወይም ሲነኩት ከተንኮሻኮሸ፣ በተለይ ትኩሳትና መዝለፍለፍ ከታከለበት፣ በጡንቻ ዙሪያ ያለው ሽፋን እየሞተ ሊሆን ይችላል። ነገ ማለት አይቻልም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ የግድ ያስፈልጋል፤ ብቻውን ግን አያድንም። የሞተው ሥጋ በቀዶ ሕክምና ተጠርጎ፣ ባዕዱም ነገር መውጣት አለበት።

ራጅ ብረትን፣ አብዛኛውን ጊዜም መስታወትን ያሳያል። እንጨትና እሾህ ግን ያመልጡታል፤ ስለዚህ ራጁ ምንም ባያሳይም ጥርጣሬው ካለ አልትራሳውንድ ይጠየቅ።

ጠልቆ የተተከለን ነገር ራሳችሁ አትጎርጉሩ። ተሰብሮ እጃችሁ ላይ የቀረውን ቁራጭ ለሐኪሙ ይዛችሁ ሂዱ፤ የቀረው ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት ይረዳዋል። የቴታነስ ክትባት መቼ እንደወሰዳችሁም ንገሩት።