ዛፉም ሄደ፣ ጥላውም ሄደ

የተከበራችሁ የሰፈራችን ሰዎች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሲመረቅ ነዋሪውን ወክለህ አንድ ነገር በል ተብዬ ነው የቆምኩት። መንገዱ ጥሩ ነው። ሰፊ ነው። ውሃ አይቋጥርም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው የማንንም እርዳታ ሳይጠይቅ ያልፍበታል። የለፋችሁበትን ሁሉ ከልቤ አመሰግናለሁ። ምስጋናዬ ግን እዚህ ላይ ያበቃል።

ሥዕላችን የት ገባ?

እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ለእንግዶቹ ላስረዳ። ጥግ ላይ ትልቅ ዛፍ ነበረን። ከሰዓት በኋላ ጥላው መንገዱን ይሞላው ነበር። አንድ ቅዳሜ ልጆቹ ጠመኔ ይዘው መጡና የጥላውን ዙሪያ ማስመር ጀመሩ። ጥላ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። አንዱን ቅርንጫፍ አስምረው ሳይጨርሱ ሌላው ፈቀቅ ይላል። ተጨቃጨቁ፣ ተሳሳቁ፣ አጥፍተው እንደገና ጀመሩ። በመጨረሻ አንዷ "ሁላችንም በአንዴ!" ብላ ጮኸች። ያ ሁሉ ልጅ በየፊናው ተንበርክኮ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው።

በማግስቱ እኛ ትልልቆቹ ገባንበት። ድንጋዩን በብሩሽ ፈተግን፣ የተጣበቀውን ማስቲካ ፋቅን፣ እስኪደርቅ ጠበቅን። ቀለሙ ሰው እንዳያንሸራትት ደቃቅ አሸዋ ቀላቀልንበት። አረንጓዴው ቶሎ አለቀብንና ግማሹ ቅጠል ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ማንም ቅር አላለውም።

ከዚያ ለአዲሱ የአፓርታማ ሕንፃ ሲባል ዛፉ ተቆረጠ። ጥላው ግን መሬት ላይ ቀረልን። እሱን እንኳ ይተዉልናል ብለን ነበር። አንድ ጠዋት ስንነሳ መንገዱ ከነሥዕሉ ተቆፍሮ ፍርስራሹ መኪና ላይ እየተጫነ ነው። የጠየቀን የለም፤ የነገረንም የለም።

እሺ፣ መንገድ ይታደሳል፤ ይገባኛል። ደሜን ያፈላው ሌላ ነው። የዚያ ሕንፃ አፓርታማ መሸጫ ብሮሹር ሽፋን ላይ ምን ወጣ? የእኛው ሥዕል! ሰማያዊ ቅጠሉ ሳይቀር! "ሕይወት ያለው ሰፈር" ተብሎ! መሬት ላይ ሲሆን ፍርስራሽ፣ ወረቀት ላይ ሲሆን ጌጥ? እኛ የዚህ ሰፈር ሰዎች ነን ወይስ የሰው ቤት ማሻሻጫ?

"መንገድ ሲቆፈር ሥዕል ማትረፍ አይቻልም" ተባልን። ጀርመናዊው አርቲስት ጉንተር ዴምኒግ ናዚዎች ያሳደዷቸውና የገደሏቸው ሰዎች ይኖሩበት በነበረው ቤት ደጃፍ፣ እግረኛ መንገዱ ላይ፣ ስማቸው የተቀረጸበት ናስ የለበሰ ድንጋይ ይተክላል። 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ናት። እ.ኤ.አ. በ2023 ቁጥራቸው 100,000 ደርሷል። መንገድ ሲቆፈር ተነቅለው ይቀመጣሉ፣ ሥራው ሲያልቅ ቦታቸው ይመለሳሉ። ያችን ታህል ድንጋይ ማስቀመጥ ከተቻለ የእኛን ቆርጦ ማንሳት ምን ገደደ?

"ቦታው የእናንተ አይደለም" ለሚሉንም መልስ አለ። ኒውዮርክ ውስጥ ፋይቭ ፖይንትዝ የሚባል በግድግዳ ሥዕል የተሸፈነ ሕንፃ ነበር። ሕንፃው የባለቤቱ ነው፤ ማንም አልካደም። እ.ኤ.አ. በ2013 ሥዕሎቹን በሌሊት ነጭ ቀለም አስቀባቸው። ሕጉ አርቲስቶቹ ሥራቸውን እንዲያነሱ የ90 ቀን ማስታወቂያ ይስጣቸው ይል ነበር፤ እሱ አልጠበቀም። እ.ኤ.አ. በ2018 ፍርድ ቤቱ ለ21 አርቲስቶች 6.75 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ፈረደበት። እኛ ሚሊዮን አልጠየቅንም። ንገሩን ነው ያልነው!



ወዲያ ማዶ ያለው መንገድ ገና አልተነካም። የልጆቹ ሰኞ ማክሰኞ እዚያ አለ። ቁፋሮው መቼ እንደሚጀመር በጽሑፍ ይነገረን። መነሳት የሚችለው ይነሳ። የማይችለው ደግሞ ልጆቹ እንደገና የሚስሉበት ባዶ ቦታ ይተውለት። የሚመለከታችሁ ኃላፊዎች ፊት ለፊቴ ተቀምጣችኋል። ማይኩ ይኸው፤ ቀኑን ንገሩን።